ምላጩ በቆዳው ላይ ለምን ይዶለዱማል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ይኸውም ወደ እጀታው የሚታጠፈውን የጢም ምላጭ በቆዳ ላይ እያሹ ስለቱን ጠብቆ ማቆየት ነው። ለመግባባት እንዲያመች፣ በድንጋይ ላይ አዲስ ስለት ማውጣትን «መሳል»፣ ከመላጨት በፊት ምላጩን በተወጠረ የለፋ ቆዳ ላይ ማመላለስን ደግሞ «ማሸት» እያልኩ እጽፋለሁ። ሁለቱ ሥራዎች ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ፣ ጀማሪዎች ከሚገጥማቸው ችግር ብዙው የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኩት፣ አንገቱ ላይ «ሶሊንገን» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት ታጣፊ ምላጭ አለኝ። ባለፈው ዓመት ጀርመን የሚኖር ዘመዴ ለባለሙያ ሰጥቶ በድንጋይ አስሎ ላከልኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ጢሜን ሲቆርጥ ጭራሽ አልተሰማኝም። ከዚያ በኋላ ግን በየማለዳው ቆዳ ላይ ባሸሁት ቁጥር እየባሰበት ሄዶ፣ አሁን ጸጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ እየነጨ ዓይኔን በእንባ ይሞላዋል። በፊልም እንደማየው አድርጌ በፍጥነትና በኃይል ነው የማሸው። ጥፋቱ የምላጩ ነው፣ የቆዳው ነው ወይስ የእኔ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሦስት ቀን ያለ ሕመም የላጨ ምላጭ በደንብ የተሳለ ምላጭ ነው። ሶሊንገን በጀርመን ምዕራባዊ ክፍል የምትገኝ፣ በስለት ሥራ የታወቀች ከተማ ስትሆን፣ ስሟ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ስለዚህ አባትዎ የተዉልዎት ዕቃ በብረቱ ጥራት የሚታማ አይደለም። ከተሳለ በኋላ የነካው ነገር ቢኖር የእርስዎ ጢምና ቆዳው ብቻ ነው፤ ጢም ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድን ጥሩ ምላጭ እስከ መንጨት አያደርሰውም። ስለዚህ ጥፋቱ በአስተሻሸቱ ላይ ነው። ይህን የምለው ልወቅስዎ ፈልጌ አይደለም። እኔም ጸጉር ማስተካከል ስማር የመጀመሪያ ምላጬን ያበላሸሁት በሁለት ቀን ውስጥ ነበር፤ ያበላሸሁትም በስንፍና ሳይሆን በትጋት፣ ልክ እንደ እርስዎ አጥብቄ በማሸት ነው።

አስቀድሞ ምላጩ ምን እንደሚደርስበት እንይ። በደንብ የተሳለ ምላጭ የአፉ ጫፍ ውፍረት ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ ነው። የጢም ጸጉር ግን የአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ ያህል ይወፍራል፤ ከምላጩ አፍ አንጻር ሲታይ ግንድ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሠሩ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከብረት ሃምሳ ጊዜ ያህል የሚለሰልሰው ጸጉር እንዴት ብረቱን እንደሚጎዳ አሳይተዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ የራሱን ጢም እየላጨ ምላጮቹን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። ጸጉሩ ሲቆረጥ ጎንበስ ብሎ ምላጩን በሰያፍ ከገፋው፣ በተለይም የብረቱ ውስጣዊ አሠራር ወጥ ባልሆነበት ቦታ፣ ከአፉ ላይ እጅግ ደቃቅ ስባሪ ይነሣል። የተመረመሩት ተጠቅመን የምንጥላቸው ዘመናዊ ምላጮች ቢሆኑም፣ የአባትዎም ምላጭ የሚቆርጠው ያንኑ ጸጉር ነው።

እንግዲህ ማሸት የሚያስፈልገው በየዕለቱ በሚደርሰው በዚህ ጥቃቅን ጉዳት መካከል ነው። ቆዳው በአፉ ላይ የቀረውን የሳሙና ቅሪትና ዓይን የማያየውን ዝገት ይጠርጋል፣ የጎረበጠውን ያለሰልሳል፣ ጥቂት የዘመመውን ወደ መስመሩ ይመልሳል። አዲስ ስለት ግን አያወጣም፤ የተሸረፈም አይሞላም። ይህንን ልብ ያለ ሰው ጉልበት የሚጨምርበት ምክንያት አይኖረውም፤ ምክንያቱም በድንጋይ ሥራ ላይ ጉልበት ብረት ሲፍቅ፣ በቆዳ ላይ ግን የሚያመጣው ነገር ቢኖር ተለማጩን አፍ ማጉበጥ ብቻ ነው። አብዛኛው የሶሊንገን ምላጭ ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ የተሠራ በመሆኑ ወደ አፉ ሲጠጋ እንደ ወረቀት ይሳሳል፤ ሲታሽም የሚያሰማው ያ ቀጭን ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ስስነት ነው። የድሮዎቹ የእንግሊዝ የሼፊልድ ምላጮች እንደ ሽብልቅ ወፍራም ስለነበሩ ከበድ ያለ እጅ ይችላሉ፤ የእርስዎ አይችልም።

አሁን ወደ አስተሻሸቱ ልግባ። ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለውን ቆዳ በግራ እጅዎ ጫፉን ይዘው ከእምብርትዎ ከፍታ አካባቢ ወጠር ያድርጉት። በክንድዎ ክብደት ማንጠልጠል አያስፈልግም፤ ምላጩ ሲያልፍበት የማይረግብ ከሆነ በቂ ነው። ቆዳው ከረገበ በምላጩ አፍ ዙሪያ ሽቅብ ይታጠፍና አፉን ያድቦለቡለዋል፤ እንዲህ ሆኖ የተበላሸ ምላጭ ሲያዩት ምንም ያልሆነ ይመስላል፣ ጢም ላይ ሲያሳርፉት ግን ይንሸራተታል። በደብዳቤዎ ስለ ቆዳው ውጥረት ምንም ስላልጻፉ፣ ምናልባት ጥፋቱ ከጉልበቱ ጋር ይህም ተደርቦበት እንደሆነ ራስዎ ይመርምሩ።

ምላጩን የሚይዙት በእጀታው ሳይሆን በስለቱና በእጀታው መካከል ባለው አንገቱ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ነው። ቆዳው ላይ ሲያስተኙት ጀርባውም አፉም በአንድነት ቆዳውን መንካት አለባቸው። የምላጩ የጀርባ ውፍረት የተለካው እንዲሁ ተኝቶ ሲታሽ ትክክለኛውን ማዕዘን እንዲሰጥ ታስቦ ስለሆነ፣ ማዕዘን መፈለግ የእርስዎ ሥራ አይደለም። ከዚያ ጀርባውን አስቀድመው፣ አፉ እንዲከተል አድርገው ከእርስዎ ወደ ፊት ይግፉት። በድንጋይ ላይ አፍ ይቀድማል፣ በቆዳ ላይ ጀርባ ይቀድማል፤ ይህ የተገለባበጠ ዕለት ቆዳውም ምላጩም ይጎዳሉ።

ከሁሉ በላይ ዘለግ አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው የመዞሪያው ቅጽበት ነው። ምላጩ የቆዳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ፈጽሞ ያቁሙት። ከዚያ ጀርባውን ከቆዳው ሳያነሱ፣ በሁለቱ ጣቶችዎ አንገቱን እያንከባለሉ አፉን ወደ ላይ አንስተው በጀርባው ላይ ያዙሩትና በሌላው ጎኑ ያስተኙት። አሁን አፉ ወደ ግድግዳው፣ ጀርባው ወደ እርስዎ ይመለከታል፤ ያኔ ወደ ራስዎ ይሳቡት። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ እጁ ገና ወደ ፊት እየሄደ ሳለ ምላጩን ያዞረዋል፣ አፉም በሂደት አቅጣጫ ላይ ዘቅ ብሎ ቆዳውን ይቆርጣል፤ ወይም ጀርባውን አንስቶ በአፉ ላይ ያዞረዋል፣ በዚህም የአንድ ሳምንት ስለት በአንድ መዞሪያ ይጠፋል። ሌላው ስሕተት በጣት ፈንታ በእጅ አንጓ ማዞር ነው። አንጓ ሲዞር ክርን ይከተላል፣ ክርን ሲከተል የምላጩ ተረከዝ (ወደ እጀታው ያለው ወገን) ወይም ጫፍ ከቆዳው ይነሣል፤ በዚህ የተነሣ ከአፉ አንዱ ወገን ታሽቶ ሌላው ሳይታሽ ይቀራል። ምላጭዎ በጉንጭዎ ላይ በአንድ ወገኑ ብቻ የሚነጭ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው።

የቆዳው ስፋት ከምላጩ ርዝመት የሚያንስ ከሆነ ደግሞ አካሄዱ ሰያፍ ይሆናል። የምላጩ ርዝመት በአብዛኛው 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ቆዳው ከ5 እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። በጠባብ ቆዳ ላይ ከተረከዙ ጀምረው እየገፉ ሳሉ ምላጩን በጎን ቀስ እያሉ ስበው በጫፉ ይጨርሳሉ፤ ሲመለሱም እንዲሁ ነው። እንዲህ ሲሆን የአፉ እያንዳንዱ ክፍል ከቆዳው ጋር እኩል ይገናኛል።

ፍጥነቱን ግን ይርሱት። በፊልም የሚያዩት ሰው ፈጥኖ ቢያሽ እጁ መዞሪያውን ሳያስብ ስለሚያገኘው ነው፤ ፍጥነቱ በራሱ ለስለቱ የሚጨምረው ነገር የለም። ለአሁኑ አንድ ደርሶ መልስ አራት ሰከንድ ቢፈጅ መልካም ነው። እኔን ያስተማሩኝ አረጋዊ ባለሙያ ምላጭ ከማስያዛቸው በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ በደነዘ የገበታ ቢላ አሳሽተውኛል፤ ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ዛሬ ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው ይህንኑ ነው። በቀን ሠላሳ ደርሶ መልስ በቢላ ይለማመዱ፣ ዓይንዎን ከመዞሪያው አይንቀሉ፣ የቢላው ጀርባ ከቆዳው አንድ ጊዜም የማይነሣ ሲሆን ወደ ምላጩ ይለፉ።

ይህን የሚያስተምር ሰው ዛሬ በቀላሉ የማይገኝበት ምክንያትም አለ። አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት ተጥሎ የሚተካውን ቀጭን ምላጭ እ.ኤ.አ. በ1903 ለገበያ ሲያቀርብ በማስታወቂያው ላይ የሚኩራራው ማሸትም ሆነ መሳል አያስፈልግም እያለ ነበር። ሰዎች ከዚህ ልምምድ መገላገል ፈልገው ነበርና ተገላገሉ፤ የአባቶቻቸውን ምላጭ የወረሱ ልጆች ግን የእጁን ዕውቀት አብረው አልወረሱም።

አሁን የያዙትን ምላጭ በተመለከተ፣ ከዚህ በኋላ ቆዳው ላይ ስንት ጊዜ ቢያመላልሱት አይድንም። አፉ ተድቦልቡሏልና እንደገና በድንጋይ ይሳል፤ አስቀድሞ የነበረው ማዕዘን ስላልጠፋ ብዙ ጊዜ ደቃቁ የማጠናቀቂያ ድንጋይ ይበቃዋል። እስከዚያው በቢላው ይለማመዱ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ቆዳ ድርብ ነው፤ ከፊት ቆዳ፣ ከኋላ ሸራ አለው። የትኛው ይቀድማል? ስንት ጊዜስ ላመላልስ? ደግሞ ወንድሜ አገር ቤት ስላለ እንዲህ ያለውን ዕቃ በቀላሉ አያገኝም፤ በሱሪ ቀበቶ መሥራት ይችላል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሸራው ይቀድማል። ሸራ ሸካራ ስለሆነ በአፉ ላይ የተጣበቀውን የሚጠርግ እሱ ነው፤ ቆዳው ደግሞ የተጠረገውን ያለሰልሳል። በሸራው ከ20 እስከ 30፣ በቆዳው ከ40 እስከ 60 ደርሶ መልስ ቢያደርጉ ለአንድ ቀን መላጨት በቂ ነው። ቁጥሩ ግን ሕግ አይደለም፤ ጀርባው ሳይነሣ የተደረገ 30 ከተዛነፈ 100 ይበልጣል፣ እጅዎ ሲደክም መዞሪያው መዛነፍ ስለሚጀምር የደከሙ ዕለት አሳንሰው ያቁሙ። እኔ ከተላጨሁም በኋላ ምላጩን ካደረቅሁ ወዲያ በሸራው አሥር ጊዜ ያህል አመላልሰዋለሁ፤ በፎጣ የማይደረስበትን የአፉን እርጥበት ያወጣዋልና።

ለወንድምዎ ደግሞ፣ የገበያ ቀበቶ አይሆንም። አብዛኛው ቀበቶ በቀለምና በፕላስቲክ መሰል ሽፋን የተለበጠ ከመሆኑም በላይ መስመር ለመስመር የተሰፋ ነው፤ ምላጩ ክሩ ላይ ሲደርስ ይዘላል። የሚያስፈልገው በዕፅዋት የለፋ፣ ቀለም ያልተቀባ፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነ የከብት ቆዳ ነው። ከጫማና ከኮርቻ ሠሪዎች ዘንድ አንድ ክንድ ያህል ቁራጭ ቢጠይቅ አይከለከልም። የደጋ በጎቻችን ቆዳ በዓለም ገበያ ለእጅ ጓንት የሚፈለግ ቢሆንም፣ ለጓንት የሚያስመርጠው ስስነቱና መለጠጡ ለዚህ ሥራ ግን ጉድለት ነው፤ ሲወጠር ይለጠጣል፣ ምላጩ ሲያልፍበት ይረግባል።

ቁራጩን ለማንጠልጠል ካልተመቸው በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ በማስቲሽ ይለጥፈው። በጣውላ ላይ የተለጠፈ ቆዳ ስለማይረግብ ውጥረቱን መጠበቅ አያሳስብም፤ ለጀማሪ እንዲያውም ከሚንጠለጠለው የበለጠ ይቀላል። የሸራውን ቦታ ያረጀ፣ የታጠበ የጂንስ ሱሪ ጨርቅ ይተካል። ሌላው ቀርቶ ጣውላ ላይ በደንብ ተወጥሮ የተጠቀለለ ጋዜጣ ምላጭ ያለሰልሳል፤ በጥቁር ቀለሙ ውስጥ ያለው እጅግ ደቃቅ ጥላሸት ብረቱን በስሱ ይወለውላል። ጋዜጣው በየጊዜው ይቀየር፣ መታጠፊያውም ምላጩ ከሚያልፍበት ቦታ ይራቅ።

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ በስጦታ የሰጠሁት ቆዳ በሁለተኛው ቀን መሀሉ ላይ ተቆረጠ። እሱ አፍሮ ሊጥለው ነው። ይድናል? (አንባቢት፣ ከዱባይ)

መልስ፦ አይጣሉት እህቴ፤ ቆዳ ሳይቆርጥ ማሸትን የለመደ ሰው እኔ አላውቅም። ለጀማሪ ርካሽ ቆዳ ይገዛ የሚባለውም ለዚህ ነው። ቁርጡ ላዩን ብቻ ከሆነ ምላጩን የሚጎዳው ከጎኑ ሽቅብ የተነሣው ከንፈር ስለሆነ፣ እሱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እስኪስተካከል ፈግፍጎ በጨርቅ መጥረግ ይበቃል። እንደ ቅጠል የተነሣ ቁራጭ ካለ ከሥሩ ስስ ማስቲሽ ቀብቶ፣ አንድ ሌሊት ክብደት ጭኖ አሳድሮ፣ በማግሥቱ መፈግፈግ ነው። ጣትዎን ሲያሳልፉበት ካልጎረበጠዎት ለምላጩም አይጎረብጠውም። በጣም ጠልቆ ከገባ ግን ደህናውን ወገን ቆርጠው በጣውላ ላይ ይለጥፉለት።

ጥያቄ፦ አረንጓዴውን የመወልወያ ቅባት ቆዳዬ ላይ ከቀባሁት በኋላ ምላጩ በጣም ሰላ። በየቀኑ ብጠቀምበት ምን ይጎዳል? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ አረንጓዴው ቅባት በአብዛኛው ክሮሚየም ኦክሳይድ የተባለ ማዕድን ሲሆን፣ ለምላጭ የሚዘጋጀው የቅንጣቱ መጠን ግማሽ ማይክሮን ያህል ነው። ይህ ማለት ቆዳዎ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቆዳ መሆኑ ቀርቶ እጅግ ደቃቅ ድንጋይ ሆኗል ማለት ነው፤ የሰላበትም ምክንያት ብረት ስለሚፍቅ ነው። ድንጋይ ግን ጠንካራ ስለሆነ ማዕዘኑን ሳይለቅ ይፍቃል፣ ቆዳ ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ እየሰመጠ አፉን በጉብታ ይፍቀዋል። በየቀኑ ከተጠቀሙበት መጀመሪያ የሚያስደስት ሹልነት ያገኛሉ፣ እየዋለ እያደረ ግን አፉ ይድቦለቦልና ቅባቱም የማይመልሰው ይሆናል።

ስለዚህ ያ ቆዳ ለቅባቱ ይቅር፣ ለዕለት ማሻ ሌላ ንጹሕ ቆዳ ያዘጋጁ። ምላጩ ጢም ላይ ከበድ ማለት ሲጀምር ብቻ፣ በጥቂት ሳምንታት አንድ ጊዜ፣ በቅባቱ ላይ ከአምስት እስከ አሥር ደርሶ መልስ አድርገው ወደ ሸራውና ወደ ንጹሑ ቆዳ ይመለሱ። ከቅባቱ ወደ ንጹሑ ቆዳ ሲሸጋገሩ ምላጩን በጨርቅ መጥረግ አይርሱ፤ ቅንጣቶቹ አንዴ ከገቡበት ከቆዳ ውስጥ አይወጡም። ንጹሑ ቆዳ ዘይት አይፈልግም፤ ከማሸትዎ በፊት በንጹሕ መዳፍ ጥቂት ጊዜ ማሸት ለስላሳ አድርጎ ያቆየዋል።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የጸጉር ማስተካከያ ቤት አለኝ። ደንበኞቼን በድሮው ምላጭና በቆዳ ብላጭ ቤቴን ልዩ ያደርገዋል ብዬ አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብዎ ለሙያው ካለዎት ፍቅር የመጣ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን አያድርጉት። ይህንን ያለ ምንም ማመንታት ነው የምለው። የምላጩን ብረት በሚገባ ማጠብና ከጀርም ማጽዳት ይቻላል እንበል፤ ቆዳውን ግን አይቻልም። ቆዳ ቀዳዳ ያለው፣ እርጥበት የሚመጥ ነገር ነው፤ ቢቀቅሉት ይጨማደዳል፣ በኬሚካል ቢነክሩት ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ከአንዱ ደንበኛ ፊት ዓይን የማያያት የደም ጠብታ ብትነሣ በቆዳው በኩል ወደ ሌላው ምላጭ፣ ከዚያም ወደ ሌላው ፊት ልትሄድ ትችላለች።

ስለ ኤች.አይ.ቪ. ትምህርት ሲሰጥ ስለታም ነገሮችን በጋራ አንጠቀም የሚለውን ቃል ሁላችንም ሰምተን ያደግን ነን፤ አሁንም ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ምላጩ ከወረቀቱ ሲወጣ ዓይኑ አይነቀልም፣ ልክም ነው። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀናት ሕያው ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ቆዳው ላይ ዛሬ ያረፈው በሳምንቱም ሰው ሊይዝ ይችላል ማለት ነው።

መልኩ ልክ እንደ ድሮው ሆኖ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ የሚገባበት እጀታ አለ፤ ምናልባት አሁንም የሚጠቀሙት እሱን ይሆናል። የአያያዙ ጥበብ፣ የጉንጭ አወጣጠሩ፣ የሞቀው ፎጣ፣ በብሩሽ የተመታው የሳሙና አረፋ ሁሉ በዚያ ላይ ይሠራል። ታጣፊው ምላጭና ቆዳው የአንድ ሰው የግል ንብረት ናቸው፤ ወንድም ለወንድም እንኳ አይዋዋሳቸው። ለራስዎ ጢም ግን ቤትዎ ውስጥ ይልመዱት፣ እጅዎ ላይ የሚጨምረው ነገር ለደንበኞችዎም ይተርፋል።

ጥያቄ፦ አሽቼ ስጨርስ ምላጩ በቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ? አንዳንዱ በጥፍር ይሞክሩት ይላል፣ አንዳንዱ በተንጠለጠለ ጸጉር። (ከደሴ)

መልስ፦ በጥፍር አይሞክሩት፤ ሌላው ቢቀር ያሹትን ያበላሻል። የተንጠለጠለ ጸጉርም ቢሆን አስቸጋሪ ዳኛ ነው፤ ወፍራም ጸጉር ይቆረጣል፣ ቀጭን ጸጉር ያመልጣል፣ የታጠበና ያልታጠበ ጸጉር እንኳ አይመሳሰሉም። እኔ የምጠቀመው የክንድን ጸጉር ነው። ምላጩን ከክንድዎ ቆዳ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በአየር ላይ ሲያሳልፉት የጸጉሩን ጫፍ ያለ ድምፅ እየከረከመ ከሄደ ዝግጁ ነው። ሙከራውን በተረከዙ፣ በመሀሉና በጫፉ ለየብቻ ያድርጉት፤ አንዱ ወገን ብቻ የማይቆርጥ ከሆነ በመዞሪያው ላይ ያ ወገን ይነሣል ማለት ነው።

ሆኖም ምላጩ ተፈትኖ አልፎ ጉንጭ ላይ ቢነጭ ቶሎ ብለው ወደ ቆዳው አይመለሱ። ጢም በደረቁ ጠንካራ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲርስ ግን በእጅጉ ይለሰልሳል። ደግሞም ምላጩ ከፊትዎ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 30 ዲግሪ አካባቢ መሆን ሲገባው፣ ብዙ ጀማሪ ጀርባውን ከፍ አድርጎ ይይዝና ምላጩ መቁረጡ ቀርቶ ይፍቃል። ከሦስት ሰዎች ጋር ቆሜ ምላጬ ደነዘ ሲሉኝ፣ አያያዛቸውን ጥቂት ዝቅ በማድረግ ብቻ ያለ ችግር ሲላጩ አይቻለሁ። ሁለቱን ካረጋገጡ በኋላም የሚነጭ ከሆነ ያን ጊዜ ወደ ቆዳው ይመለሱ፣ እዚያም ካልተሻለው ወደ ድንጋይ።

ሲጨርሱ ምላጩን በውሃ አጥበው፣ ከጀርባው ወደ አፉ በለስላሳ ጨርቅ አድርቀው፣ በሸራው ላይ ጥቂት ካመላለሱ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ክፍቱን ያቆዩት። የድሮ ምላጮች ብረት በቀላሉ የሚዝግ ስለሆነ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ እንፋሎት ባለበት አያስቀምጡት። ለብዙ ቀናት የማይላጩበት ከሆነ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በሁለቱም ጎኑ ቀብተው ይጠፉት፤ እንደገና ሲያወጡት ዘይቱን በጨርቅ ጠርገው መጀመሪያ ሸራው ላይ ያሹት።